ኔትወርክ ያለበት ጉብታ

በአጎቴ መንደር ስልክ የሚደወለው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ የግጦሹ መሬት ዳር፣ አንዲት ግራር የበቀለችበት ጉብታ አለች። ከብት የሚያግዱ ልጆች፣ ቅዳሜ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች፣ ከተማ ያለ ልጃቸው ድምፅ የናፈቃቸው አዛውንት ሁሉ እዚያ ይወጣሉ። ጉብታዋ ላይም ቢሆን የትም ቆሞ አይደወልም፤ ከግራሯ ግንድ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ፣ ፊትን ወደ ገደሉ አዙሮ ነው። ቦታዋ እንዳትጠፋ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጠውባታል። የመንደሩ ሰው «ኔትወርክ ላይ ነበርኩ» ካለ ድንጋዩ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

አንድ ዓመት ለፋሲካ ስሄድ፣ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን፣ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለው ራዲዮ ዜና ሲያሰማ አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ተምረሃል፤ እስቲ አስረዳኝ። ይኼ ራዲዮ የሚናገረው ከአዲስ አበባ ነው። በሬን ዘግቼ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። የስልኩ ማማ ግን ከዚያ ተራራ ወዲያ ማዶ ነው ያለው። ቅርቡ ጠፍቶ ሩቁ የሚሰማው ለምንድን ነው?»

ስለ ሽቦ አልባ ግንኙነት ብዙ ጥያቄ ተጠይቄአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ግን አላጋጠመኝም። ያን ማታ የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበር። ሙሉው እነሆ።

ራዲዮውም ስልኩም የሚጠቀሙበት ነገር አንድ ነው፤ ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ይባላል። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ራሱ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሁሉም በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1865 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሞገዱ መኖር እንዳለበት በሒሳብ አሳየ። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ጀርመናዊው ሄንሪክ ኸርዝ ካርልስሩኸ በሚገኘው ቤተ ሙከራው በኤሌክትሪክ ብልጭታ አስነሣው፤ ራቅ ብሎ በተቀመጠ የሽቦ ቀለበትም ያዘው። ዲሽ የሚያስተካክሉ ልጆች አፍ ላይ የማይጠፋው ፍሪኩዌንሲ የሚለካው በእሱ ስም ነው። ሞገዱ በሰከንድ አንድ ጊዜ ከተርገበገበ አንድ ኸርዝ፣ ሚሊዮን ጊዜ ከተርገበገበ ሜጋ ኸርዝ፣ ቢሊዮን ጊዜ ከሆነ ጊጋ ኸርዝ ነው።

ሁሉም በአንድ ፍጥነት የሚሄዱ ከሆነ፣ ቶሎ ቶሎ የሚርገበገበው እርምጃው አጭር መሆኑ የግድ ነው። በስንዝር እንለካው። በመካከለኛ ሞገድ፣ 1 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ የሚሠራ ራዲዮ አንድ እርምጃው 300 ሜትር ነው። የኤፍ ኤም ጣቢያ፣ 100 ሜጋ ኸርዝ ላይ፣ 3 ሜትር። የሞባይሉ 900 ሜጋ ኸርዝ 33 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ተኩል ማለት ነው። 1800 ሜጋ ኸርዝ ደግሞ ስንዝር አይሞላም። ብዙ ዋይፋይ የሚሠራበት 2.4 ጊጋ ኸርዝ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። አንዳንድ አገሮች ለ5ጂ የከፈቱት 28 ጊጋ ኸርዝ ጥፍር ታክላለች፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ።

ለአጎቴ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ እዚህ አለ። ሞገድ ከርዝመቱ ጋር የሚቀራረብ ነገር ሲያጋጥመው ዞሮት ያልፋል፤ ከርዝመቱ እጅግ የሚበልጥ ነገር ሲያጋጥመው ግን ከጀርባው ጥላ ይጥላል። የአጎቴ ራዲዮ የሚይዘው ባለ 300 ሜትሩ ሞገድ የመሬቱን ገጽ ተከትሎ ኮረብታውን እየታጠፈ ይወርዳል። ባለ ስንዝር ተኩሉ ሞገድ ተራራው ጫፍ ላይ ጥቂት ጎንበስ ይልና ሸለቆውን ባዶ ትቶት ያልፋል። መንደሩ ያለው በዚያ ጥላ ውስጥ ነው፤ ጉብታዋ ከጥላው ብቅ ብላለች። እርጥብ የጭቃ ግድግዳም አጭሩን ሞገድ ከረጅሙ ይልቅ ይመጠዋል። ቆርቆሮ ደግሞ ጨርሶ ይመልሰዋል። ስልካቸውን መስኮት ላይ የሚያስቀምጡ እናቶች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ደርሰውበታል።

ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ራዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ያዳምጣል እንጂ አይመልስም። የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዋት ኃይል ሊጮኽ ይችላል፤ የአጎቴ ራዲዮ ሥራው መስማት ብቻ ነው። ስልክ ግን ጆሮም አፍም ያስፈልገዋል። ማማውን መስማቱ አይበቃም፤ ማማው ደግሞ እሱን መስማት አለበት። የስልኩ ጉልበት ስንት ነው? በ2ጂ፣ በ900 ሜጋ ኸርዝ፣ ቢበዛ 2 ዋት። በ4ጂ የዚያ አንድ አሥረኛ። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር፣ ሜዳ ላይ እንኳ፣ የሚደርሰው ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል።

ስለዚህ ስክሪኑ ጥግ ላይ የሚታዩት መስመሮች ግማሹን ብቻ ነው የሚነግሩን። የሚያሳዩት ስልኩ ማማውን ምን ያህል እንደሚሰማው ነው፤ ማማው ስልኩን ይስማው አይስማው አያሳዩም። ኔትወርኩ አለ እያለ ጥሪው አልወጣ ሲል አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ባትሪም የሚያልቀው በዚሁ ነው። ማማው ሲርቅ ስልኩ ድምፁን ከፍ እያደረገ ይጮኻል፤ ይሞቃል። ከተማ ሁለት ቀን የሚቆይ ባትሪ ገጠር ላይ ለማታ የማይደርሰው ለዚህ ነው።

ታዲያ ስልኩንም እንደ ራዲዮው በረጅሙ ሞገድ ለምን አናደርገውም? ቦታው ስለማይበቃ። ፍሪኩዌንሲን እንደ እርሻ መሬት ማየት ይረዳል። እያንዳንዱ ተናጋሪ የራሱ ቁራሽ ያስፈልገዋል፤ ብዙ መናገር የፈለገ ሰፊ ቁራሽ ይፈልጋል። በእኛ የዓለም ክፍል አንድ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ የሚሰጠው ቁራሽ 9 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ ለንግግር ይበቃዋል። የ2ጂ አንድ መስመር 200 ኪሎ ኸርዝ ይወስዳል። 3ጂ 5 ሜጋ ኸርዝ፤ 4ጂ እስከ 20፤ 5ጂ እስከ 100፣ ከፍ ባለው ፍሪኩዌንሲ ላይ ደግሞ እስከ 400 ሜጋ ኸርዝ ድረስ። የመካከለኛ ሞገድ ራዲዮ መሬት በጠቅላላ ቢደመር አንድ ሜጋ ኸርዝ ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ የ3ጂ መስመር አይተከልበትም። ሰፊ መሬት ያለው ላይኛው አገር ነው፤ እዚያ ያለው ሞገድ ግን አጭር ነው፣ ሩቅ አይሄድም፣ ግድግዳ አይበሳም። ከዚህ ማንም መሐንዲስ አያመልጥም፦ ሩቅ የሚሄደው ጥቂት ይሸከማል፤ ብዙ የሚሸከመው ሩቅ አይሄድም።

ይህ ጥበት ሞባይል ስልክን ለአሥርት ዓመታት አንቆ ይዞት ነበር። በ1946 በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ የመኪና ስልክ አገልግሎት ተጀመረ። ዕቃው 36 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። አንድ ትልቅ ማማ ከተማውን ሁሉ ያዳርሳል፤ በከተማው ውስጥ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችሉት ግን ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አራተኛው ተራ ይጠብቃል።

መውጫው የተገኘው ድክመት የሚመስለውን ነገር ወደ ጥቅም በመለወጥ ነው። በ1947 የቤል ላብራቶሪዎች ባልደረባ ዳግላስ ሪንግ ባቀረበው የውስጥ ጽሑፍ ላይ ከተማው በትናንሽ ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች ተሸንሽኖ ይታያል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አነስተኛ ማማ አለው። ጉልበቱ ሆን ተብሎ ዝቅ ስለሚል ድምፁ ከጎረቤቱ ብዙ አያልፍም፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ክፍል ተሻግሮ ያው ፍሪኩዌንሲ እንደገና ለሌላ ሰው ይሰጣል። አንዱ ቁራሽ መሬት መቶ ጊዜ ይታረሳል ማለት ነው። ክፍሎቹ ሴል ተባሉ፤ «ሴሉላር» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ካርታው የማር እንጀራ ይመስላል። እኛ ደግሞ በእጃችን የምንይዘውን ዕቃ ከድሮ ጀምሮ «ቀፎ» እንለዋለን። ግጥምጥሞሹ ደስ ይለኛል፤ ቀፎው በእጃችን፣ የማሩ እንጀራ በከተማው ላይ።

ሐሳቡ ግን ኮምፒዩተር እስኪጎለብት ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት ተቀመጠ። ምክንያቱም ሰው ይንቀሳቀሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የሚያወራ ሰው ማማ ከማማ ይቀያይራል፤ ወሬው ግን አይቋረጥም። ስልኩ በወሬው መሐል ዙሪያውን ያሉ ማማዎችን እየለካ፣ በየግማሽ ሰከንዱ ገደማ፣ ማን ጎልቶ እንደሚሰማው ይናገራል። ማማዎቹን የሚመራው ማዕከልም አንዱ ሲደክም ለሌላው ያስረክበዋል። ይህን ለሺዎች በአንድ ጊዜ ማድረግ በ1947 በነበረ ማሽን አይቻልም ነበር። በሚያዝያ 1973 የሞቶሮላው ማርቲን ኩፐር ኒው ዮርክ መንገድ ላይ ቆሞ አንድ ኪሎ በሚመዝን ቀፎ ደወለ፤ የደወለው ለተፎካካሪው ለቤል ላብራቶሪዎች ኢንጂነር ለጆኤል ኤንግል ነበር። የመጀመሪያው የንግድ ኔትወርክ በ1979 ቶኪዮ ላይ ተከፈተ።

ሁለተኛው ትውልድ (2ጂ)፣ ጂ.ኤስ.ኤም. የሚባለው፣ በ1991 ፊንላንድ ውስጥ ሥራ ጀመረ። አዲስ አበባ ላይ ሞባይል በ1999 ሲጀመር የገባው ይኸው ነው፤ የአጎቴም ስልክ እስከ ዛሬ የሚሠራበት እሱ ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ጂ.ኤስ.ኤም. አንዱን የፍሪኩዌንሲ ቁራሽ ለስምንት ሰው በተራ ያካፍላል፤ የእድር ዳኛ በስብሰባ ላይ ተራ እንደሚሰጥ ያለ ነው። ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ጊዜ 577 ማይክሮ ሰከንድ፣ ከሺህኛ ሰከንድ ግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ስምንቱ ተናግረው ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህን ዙር በጆሯችን ሰምተነዋል። ስልክ ሊጠራ ሲል የታክሲው ቴፕ «ድርድር… ድርርር» ሲል የሚያስታውስ አንባቢ አይጠፋም። ስልኩ ተራው በደረሰ ቁጥር በሙሉ ጉልበቱ ሲናገር፣ በሰከንድ 217 ጊዜ፣ የስፒከሩ ሽቦ እየለቀመው ነበር።

ተራ ካለ የሰዓት ጣጣ አለ። ሩቅ ያለ ስልክ የሚናገረው ድምፅ፣ በብርሃን ፍጥነትም ቢሄድ፣ ዘግይቶ ይደርስና በሚቀጥለው ሰው ተራ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ማማው ለእያንዳንዱ ስልክ «አንተ ራቅ ብለሃልና ቀድመህ ጀምር» ይለዋል። የመቅደሚያው መጠን ከ0 እስከ 63 በሚሄድ ቁጥር ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ቁጥር 550 ሜትር ገደማ ርቀት ነው። 63ቱን ብናባዛ 35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል። በተለመደው አሠራር ከዚያ ወዲያ ያለን ስልክ ማማው አይቀበልም። ሜዳው ጠፍጣፋ ቢሆን፣ ተራራ ባይኖር፣ ሞገዱ ጥርት ብሎ ቢደርስም እንኳ አይቀበልም። በቆላው ሰፊ ሜዳ ላይ መንገደኛ ድንገት «ኔትወርክ የለም» የሚለው ጽሑፍ ሲመጣበት፣ የቆመው ምናልባት ከዚያች 63 ቁጥር ማዶ ነው።

ተራው ስምንት መሆኑ ሌላም ነገር ይፈታልናል። ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ የቆመ ሰው ስክሪኑ ላይ ያሉት መስመሮች ሙሉ ሆነው ሳሉ መደወል ያቅተዋል። ማማው ጎልቶ ይሰማዋል፤ ተራው ግን ሁሉ ተይዟል።

አሁን ወደሚያስቆጨኝ ነገር ልምጣ። የጽሑፍ መልእክት በታኅሣሥ 1992 ብሪታንያ ውስጥ ሲጀመር የመጀመሪያው መልእክት የገና ሰላምታ ነበር። መልእክቱ የሚጓዘው ኔትወርኩ ለራሱ ሥራ በሚጠቀምባት ጠባብ መስመር ላይ ስለሆነ መጠኑ 140 ባይት ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። የላቲን ፊደል መልእክቱ በሚጻፍበት የፊደል ሠንጠረዥ ሰባት ቢት ስለሚበቃው 160 ፊደል ይገባል። የእኛ ፊደል በሠንጠረዡ ውስጥ የለም። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ሞባይል አዲስ አበባ በደረሰበት ዓመት። እዚያም እያንዳንዱ ሆሄ 16 ቢት ይወስዳል። በዚህ የተነሣ አንድ የአማርኛ መልእክት 70 ሆሄ ብቻ ይይዛል። በላቲን ጽሑፍ መሐል አንዲት «ሀ» ከገባች እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል።

በእጃችን እንቁጠረው። «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ» ክፍት ቦታዎቹን ጨምሮ 27 ነው፤ ከ70ው ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ። ያው ሰላምታ በላቲን ፊደል 42 ያህል ቦታ ይፈጃል፤ ከ160ው ሩብ ብቻ። ሆሄያችን በአንድ ምልክት ተነባቢና አናባቢ ስለሚይዝ ጽሑፉ ያጥራል፤ ሆኖም የጠፋውን ሁሉ አይመልስም። አንድ ትውልድ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመደው ቀፎዎቹ ፊደሉን ስላላሳዩ ብቻ አልነበረም፤ በፊደላችን መጻፍ ከግማሽ ያነሰ ቦታ ስለሚሰጥም ነው። በኋላ ለቱርክኛ፣ ለሂንዲ፣ ለቤንጋሊ፣ ለታሚል፣ ለኡርዱ ልዩ ሠንጠረዥ ተጨምሮላቸዋል። ለግዕዝ ፊደል አልተጨመረለትም። ስታንዳርድ የሚወጣው ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነው፤ ያልተወከለ ቋንቋ ዋጋውን በየመልእክቱ ይከፍላል። በዛሬው ጊዜ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ይህን ችግር ቢያቃልሉትም፣ ዳታ በሌለበት መንደር መልእክቱ አሁንም 70 ሆሄ ነው።

የስታንዳርድ ጉዳይ ከተነሣ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ቤት የገባ ኀዘን ነበር። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ያማረ ቀፎ አዲስ አበባ ደርሶ አይሠራም፤ ከዱባይ ወይም ከጅዳ የመጣው ተራ ቀፎ ሲም እንደገባበት ይደውላል። የተቆለፈ ነው ተብሎ መርካቶ ተወስዶ ተከፍቶም እንቢ ይላል። ምክንያቱ የፍሪኩዌንሲ ካርታ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን በሦስት ክልል ይከፍላል፤ አፍሪካ፣ አውሮፓና የዓረብ አገሮች በአንደኛው፣ አሜሪካዎች በሁለተኛው ናቸው። እኛ ጂ.ኤስ.ኤም.ን በ900 እና በ1800 ሜጋ ኸርዝ ስንሠራ እነሱ በ850 እና በ1900 ይሠሩ ነበር። ብዙዎቹ ቀፎዎች ደግሞ ጭራሽ በሌላ ስታንዳርድ የተሠሩና የሲም ቦታ እንኳ የሌላቸው ነበሩ። ጆሮው በሌላ ፍሪኩዌንሲ ላይ የተቃኘ ቀፎ ቢከፈትም የሚሰማው የለም።

ስለ ዋይፋይ በአጭሩ። በ1985 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እንደ ማይክሮዌቭ ምድጃ ላሉ ዕቃዎች የተተወውን የ2.4 ጊጋ ኸርዝ መሬት ፈቃድ ሳይጠየቅ ለመገናኛ እንዲውል ፈቀደ፤ ዋይፋይ የበቀለው በዚያ ነው። ባለቤት የሌለው ግጦሽ ስለሆነ ይጨናነቃል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ራውተሩን 1፣ 6 ወይም 11 ቻናል ላይ ቢያደርግ ይሻላል፤ ሌሎቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ። 5 ጊጋ ኸርዝ ሰፊና ፈጣን ነው፤ ሁለት ግድግዳ ካለፈ ግን ይደክማል።

ወደ ሞባይሉ ልመለስ። 4ጂ በ2009 መጨረሻ በስቶክሆልምና በኦስሎ ተከፈተ፤ አዲስ አበባ በ2015 ደረሰ። 5ጂ በ2022 ተከተለ። ቁጥሩ ባደገ ጊዜ ሁሉ ማስታወቂያው ስለ ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ ለሆስፒታል፣ ለዩኒቨርሲቲ፣ ለፋብሪካ ይጠቅማል፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ፍጥነቱ የሚገኘው ከላይኛው ሰፊ መሬት፣ በአጭሩ ሞገድ ነው። አጭሩ ሞገድ የአጎቴን ተራራ አይሻገርም። ለእንዲህ ያለው መንደር የሚበጀው ታችኛው ፍሪኩዌንሲ ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ወደ ዲጂታል ሲዞር የሚለቀቀው የ700 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ በ2015ቱ የዓለም ራዲዮ ጉባኤ ለእኛም ክልል ለሞባይል ተመድቧል። በእኔ እምነት ለተራራማ አገር ከተማ መሐል ከሚተከል ሃያ ፈጣን ማማ ይልቅ በዚህ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ አንድ የተራራ ጫፍ ማማ ይበልጣል።

እስከዚያው ድረስ ከአንባቢ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ለአገር ቤት ዘመድ ቀፎ ስትገዙ፣ ስንት ካሜራ አለው ከማለታችሁ በፊት የሚሠራባቸውን ፍሪኩዌንሲዎች ዝርዝር አንብቡ፤ 900 መኖሩን አረጋግጡ። ስማርት ስልክ ከሆነ ደግሞ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ወደ 2ጂ እንዴት እንደሚወርድ አሳዩአቸው። ዳታው ቢጠፋም ድምፅ ይደርሳል።